ለሬሚንግተን 700 አዲስ ሰደፍ ሲገዛ የትኛውን የመቀመጫ አሠራር መምረጥ ይሻላል?

እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጠው ሬሚንግተን 700 በእጅ ከሚቀባበሉ የአደን ጠመንጃዎች መካከል ብዙ ዓይነት ተለዋጭ ሰደፍ የተሠራለት ነው። ሰደፍ የሚለው ቃል በዚህ ጽሑፍ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ ብቻ ሳይሆን እስከ ግራ እጅ መያዣው ድረስ ያለውን ሙሉ አካል ያመለክታል። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰደፉን በቅርጹ፣ በክብደቱና በዋጋው ከመረጡ በኋላ የጠመንጃውን የብረት አካል ምን ላይ እንደሚያሳርፉት ማሰብ የሚጀምሩት ዕቃው እጃቸው ሲገባ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ሰደፉ የተሠራበት ቁስ የመቀመጫውን፣ ማለትም የብረቱ አካል በሰደፉ ውስጥ የሚያርፍበትን ስፍራ፣ አሠራር ይወስናል፤ የመቀመጫው አሠራር ደግሞ ትክክለኛውን ወጪና የሥራውን ድካም ስለሚወስን፣ ሁለቱን እንደ አንድ ግዢ መቁጠር ይገባል።

መቀመጫው የሚያስጨንቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ የብረቱ አካል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህን ርግጫ ተቀብሎ ለሰደፉ የሚያስተላልፈው በአፈሙዙ፣ ማለትም ጥይቱ በሚያልፍበት ረጅም ቱቦ፣ እና በአካሉ መካከል ተጨምቆ ወደ ታች የሚወርደው የብረት ጥርስ ነው። አካሉን ከሰደፉ ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ናቸው። የሰደፉ ውስጥ ወጣ ገባ ከሆነና አካሉ በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ካረፈ፣ ብሎኖቹ በጠበቁ ቁጥር ብረቱ በጥቂቱ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱም እንደ ሙቀቱ፣ እንደ እርጥበቱና እንደ ማጥበቂያው ኃይል ይለዋወጣል። የሬሚንግተን 700 አካል ሆዱ ክብ ስለሆነ ሌላም ችግር አለበት፤ ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ እየዞረ ሲሄድ አካሉ በተቃራኒው አቅጣጫ መዞር ይፈልጋል፣ ክብ ሆድ ደግሞ ከጠፍጣፋ ሆድ ይልቅ በቀላሉ ይንሸራተታል። ጥሩ መቀመጫ የሚሰጠው ጥቅም እንግዲህ አካሉ ሳይጎብጥ እንዲታሰርና ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ወደዚያው ስፍራ እንዲመለስ ማድረግ ነው። መጥፎ አፈሙዝን ጥሩ አያደርግም፣ የማይስማማ ጥይትንም አያስተካክልም።

ስለ ምርጫው ለማሰብ የአሜሪካ ጦር ሁለት ክፍሎች በዚሁ ጠመንጃ ላይ የሄዱባቸውን መንገዶች ማየት ይጠቅማል። የባሕር ኃይል እግረኛው ክፍል፣ ማለትም ማሪን ኮር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቀበለው ኤም 40 የእንጨት ሰደፍ ነበረው፤ በቬትናም እርጥበት እንጨቱ እየተጣመመ አፈሙዙን መንካት ሲጀምር በ1970ዎቹ ኤም 40 ኤ 1 በተባለው ተተካ። የዚህኛው ሰደፍ የማክሚላን ፋይበርግላስ ሲሆን መቀመጫውን በኳንቲኮ ያሉ የክፍሉ ባለሙያዎች በእጃቸው ኢፖክሲ በተባለው ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ ይሠሩት ነበር። የምድር ጦሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ኤም 24ን ሲቀበል ኤች ኤስ ፕሪሲዥን የሠራውን፣ በውስጡ የአሉሚኒየም ብሎክ የተቀበረበትን ሰደፍ መረጠ፤ በዚህ አሠራር አካሉ በተዘጋጀው ብሎክ ላይ ተቀምጦ ብሎኖቹ በልካቸው ይጠብቃሉ፣ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የእጅ ሥራ አያስፈልግም። ሁለቱም አሠራሮች ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። አንደኛው የባለሙያን ጊዜ ይጠይቃል፣ ሌላኛው የፋብሪካን ትክክለኛነት፤ የዛሬው ገዢም የሚመርጠው በዋናነት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ምንም ሳይሠሩ መተው የሚቻልበት ሁኔታ መኖሩን መፈተሽ ይገባል። ፈተናው ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠና መቀባበያው ከወጣ በኋላ ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየው መለኪያ፣ የዳያል ጌጅ፣ መሠረት አፈሙዙ ላይ ይታሰርና ጫፉ የሰደፉን ፊት እንዲነካ ይደረጋል። ከዚያ አንደኛው ብሎን ጠብቆ እንዳለ ሌላኛው ቀስ እየተባለ ይላላል፣ ይጠብቃል። መርፌው ከ0.002 ኢንች ወይም ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተንቀሳቀሰ አካሉ ያለ ጉብጠት ተቀምጧል ማለት ነው፤ ከ0.005 ኢንች በላይ ከሄደ ግን መቀመጫው ሥራ ይፈልጋል። ሁለቱም ብሎኖች በየተራ መፈተን አለባቸው። ዳያል ጌጅ የሌለው ሰው ጣቱን በአፈሙዙና በሰደፉ መጋጠሚያ ላይ አድርጎ ብሎኑን ሲያላላ እንቅስቃሴ ይሰማው እንደሆነ መሞከር ይችላል፤ ይህ መንገድ ትልቁን ስሕተት ቢያሳይም ትንሹን አያሳይም።

የአሉሚኒየም ብሎክ ያለው ሰደፍ ለአብዛኛው አዳኝ የመጀመሪያው ተመራጭ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። በሳውዝ ዳኮታው ራፒድ ሲቲ የሚሠራው ኤች ኤስ ፕሪሲዥንና በካንሳሱ ዶጅ ሲቲ የሚሠራው የቤል ኤንድ ካርልሰን ሜዳሊስት በዚህ ረድፍ የታወቁ ናቸው። ብሎኩ ከፊት ብሎን እስከ ኋላው ብሎን አንድ ወጥ ስለሆነ ብሎኖቹ ሰደፉን መጭመቅ አይችሉም፣ ስለዚህም እስከ 65 ኢንች ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 7.3 ኒውተን ሜትር፣ ያለ ስጋት ይጠብቃሉ። ድክመቱ የሚመጣው ከሁለቱ ብረቶች መገናኛ ነው። በፋብሪካ የተሠራው የአካሉ ክብነት ከጠመንጃ ጠመንጃ በጥቂቱ ይለያያል፣ የብሎኩ ሸለቆም እንዲሁ፤ ሁለቱ በማይስማሙበት ጊዜ አካሉ በሁለት ቀጭን መስመሮች ላይ ብቻ ያርፋል። በዚህ ጊዜ የሚሠራው ስስ የኢፖክሲ ንጣፍ ማንጠፍ ሲሆን፣ ብሎኩን መቆፈር ሳያስፈልግ በሻካራ ወረቀት ታሽቶ ይጸዳና ልዩነቱን ብቻ የሚሞላ ቀጭን ሽፋን ይቀባል። ብዙዎች ይህን ንጣፍ ሳይለኩ እንደ ግዴታ ያሠሩታል፤ እኔ ግን ዳያል ጌጁ ካልጠየቀ በቀር ገንዘብ የሚያስወጣ ምክንያት አይታየኝም። መጀመሪያ በትክክለኛው ልክ አጥብቆ መተኮስ፣ ካልተመቸ መለካት፣ ልኬቱ ካሳየ ማንጠፍ፤ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

የእንጨት ሰደፍ ጉዳይ የተለየ ነው። ዋልነትም ይሁን እንደ ቦይድስ ያሉ ድርጅቶች ከስስ የእንጨት ንጣፎች አጣብቀው የሚሠሩት ላሚኔት፣ እንጨት በብሎን ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይሰምጣል፣ እርጥበት ሲያገኝም ያብጣል። ላሚኔቱ የየንጣፉ መጣመም እርስ በርሱ ስለሚገታ ከነጠላው ዋልነት በጣም የተረጋጋ ቢሆንም ከመጨመቅ ነጻ አይደለም። ስለዚህ በእንጨት ሰደፍ ኢፖክሲ ብቻውን ግማሽ መፍትሔ ነው። ሙሉው መፍትሔ በሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ በሙያው አጠራር ፒላር፣ ተክሎ ከዚያ በላይ ኢፖክሲ ማንጠፍ ነው። ፒላሩ ከላይ የብረቱን አካል፣ ከታች የቃታ መከለያውን ብረት ስለሚነካ ብሎኑ የሚያስረው ብረትን ከብረት ጋር ይሆናል፤ እንጨቱ ቢያብጥም ቢኮማተርም የእስሩን ኃይል ብዙ አይለውጠውም። ፒላር የሌለው እንጨት ከ40 ኢንች ፓውንድ በላይ ባይጠብቅ ይመረጣል፣ በየወቅቱም መፈተሽ ያስፈልገዋል። ለእንጨት ሰደፍ ፒላርና ኢፖክሲ አንድ ላይ እንዲሠሩለት ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ይህን ለማድረግ ፍላጎትም በጀትም የሌለው ገዢ ዓይኑን ወደ አሉሚኒየም ብሎክ ቢመልስ ይሻለዋል። እንጨቱ ተቆፍሮ የተገለጠበት ስፍራ ሁሉ፣ ከካዝናው ጎድጓዳ እስከ አፈሙዙ ቦይ ድረስ፣ በቫርኒሽ ወይም በዘይት መታሸግ እንዳለበትም መርሳት አይገባም። ከውጭ የሚያብረቀርቅ፣ ከውስጥ ግን ራቁቱን የቀረ ሰደፍ እርጥበት የሚያስገባው ከውስጥ በኩል ነው።

በእጅ የተነጠፈ ፋይበርግላስ ሰደፍ፣ የማክሚላን ዓይነቱ፣ ለኢፖክሲ ከሁሉም የተመቸ ነው። ቁሱ ራሱ ሙጫና መስታወት ጨርቅ ስለሆነ አዲሱ ኢፖክሲ አጥብቆ ይይዘዋል፣ እርጥበትም አይለውጠውም። መሐሉ በቀላል ቁስ የተሞላ ከሆነ ፒላር መጨመሩ ተገቢ ነው። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ የመቀመጫው ሥራ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይላል። ይህን መንገድ የሚመርጠው ሰው የእያንዳንዷን ተኩስ ማረፊያ የሚመዘግብ፣ በርቀት የሚወዳደር ወይም ሰደፉን ለራሱ ቁመና አስለክቶ የሚያሠራ ሰው ቢሆን ተገቢ ነው።

ከጠመንጃው ጋር ከፋብሪካ የሚመጣው በቅርጽ የፈሰሰ ርካሽ ፕላስቲክ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ፊቱ እንደ ሳሙና ለስላሳ የሆነ ፕላስቲክ ኢፖክሲን በደንብ አይዝም፣ ስለዚህ ቁሱን በትንንሽ ቀዳዳዎች በስቶ ሙጫው እንዲቆለፍበት ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ መቀመጫው ቢያምርም የፊተኛው እጅ መያዣ በሁለት እግር ማቆሚያ ወይም በከረጢት ላይ ሲያርፍ ተጣጥፎ አፈሙዙን ይነካል። በዚህ ሰደፍ ላይ ኢፖክሲ ማፍሰስ ለመለማመጃ ካልሆነ በቀር የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ ያው ገንዘብ ወደ ሌላ ሰደፍ ቢዞር የተሻለ ነው።

ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የሚሠራውን፣ ቻሲስ የሚባለውን የሰደፍ ዓይነት በሚመለከት የሚባለው አጭር ነው። ትክክለኛ ሸለቆ ያለው ስለሆነ መቀመጫ ሳይሠራለት እንዲውል የታሰበ ነው፤ ባለቤቱ በተራራ ላይ ክብደቱንና በክረምት ቅዝቃዜውን ከቻለ ከሁሉም ያነሰ ሥራ የሚጠይቀው አማራጭ ይህ ነው። አካሉን ከሰደፉ ጋር በሙጫ ለዘለቄታው ማጣበቅ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ለሚወዳደሩ ተኳሾች የተተወ አሠራር ሲሆን ለአደን ጠመንጃ ቦታ የለውም።

ኢፖክሲ የሚሠራ ሰው ሙጫውንም መምረጥ አለበት። የብራውንልስ አክራግላስ ፈሳሽ ስለሆነ ቀጫጭን ስንጥቆች ውስጥ ይገባል፣ ግን ከሚገባው በላይ ይሮጣል፤ አራት እጅ ሬዚን ከአንድ እጅ ማጠንከሪያ ጋር በጥንቃቄ መለካትም አለበት። ጄል የተባለው ወንድሙ እኩል ለእኩል የሚቀላቀልና በቆመበት የሚቆይ በመሆኑ ለጀማሪ የተሻለ ነው። ለጀልባ ጥገና የተሠራው ማሪን ቴክስ በመጠን አምስት ለአንድ፣ የዴቭኮን የብረት ፑቲ ደግሞ በክብደት ዘጠኝ ለአንድ ይቀላቀላል፤ ሁለቱም ወፍራም ስለሆኑ በተቀቡበት ይረጋሉ፣ ሲደርቁም ጠንካራ ናቸው። የእኔ ምርጫ ለእንጨትና ለፋይበርግላስ ማሪን ቴክስ፣ ለአሉሚኒየም ብሎክ ስስ ንጣፍ ዴቭኮን ነው። ለመኪና ቦዲ የሚውለው የፖሊስተር ስቱኮ ግን ሲደርቅ ስለሚኮማተርና ተሰባሪ ስለሆነ ርካሽነቱ ሊያታልል አይገባም።

በገዛ እጁ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አንድ አደጋ ከሁሉም በላይ ሊፈራ ይገባል፤ ይኸውም ብረቱ ተቆልፎ እንዳይቀር ነው። ይህ የሚሆነው ሙጫው ከማጣበቁ ይልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲጠነክርና ብረቱን እንደ ቁልፍ ሲይዘው ነው። ስለዚህ ቃታው ከነሙሉ ዕቃው ይወጣል፣ የቃታው መክተቻ፣ የመቀባበያው ማቆሚያና ማናቸውም ቀዳዳ በልጆች መጫወቻ ጭቃ ይደፈናል፣ ሙጫውም ከክቡ አካል ግማሽ ከፍታ በላይ እንዲወጣ አይፈቀድለትም፤ ከግማሹ በላይ የወጣ ሙጫ አካሉን አቅፎ ይይዘዋልና። የማላቀቂያ ቅባት ብረቱን ሁሉ፣ ብሎኖቹን ጭምር፣ በሁለት ስስ ሽፋን ይቀባል፤ ቀለም አልባ የጫማ ቅባትም ለዚህ በደንብ ይሠራል። ብረቱ ወደ ሰደፉ ሲገባ በብሎን ማጥበቅ አይገባም፣ ምክንያቱም ሙጫው የሚደርቀው በጎበጠው ቅርጽ ላይ ይሆናል፤ አፈሙዙን በናስትሮ ጠቅልሎ ማእከሉን ካስተካከሉ በኋላ በላስቲክ ቀስ አድርጎ መያዝ በቂ ነው። የተትረፈረፈው ሙጫ ሳይጠነክር በጆሮ ጥጥና በአቼቶ ይጠረጋል። ከ24 ሰዓት በኋላ አልላቀቅ ካለ ጠመንጃውን ለጥቂት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል፣ ብረትና ሙጫ በቅዝቃዜ እኩል ስለማይኮማተሩ።

የርግጫውን ጥርስ በሚመለከት ባለሙያዎች አይስማሙም። ብዙዎቹ ከጥርሱ ፊት፣ ጎኖችና ሥር ላይ አንድ ድርብ ናስትሮ ለጥፈው ክፍተት ይተዉና ሰደፉን የሚነካው የኋላው ፊት ብቻ እንዲሆን ያደርጋሉ። ሌሎች ጎኖቹም ቢነኩ የክቡን አካል መዞር ይከላከላል ይላሉ። ሁለተኛው ሐሳብ መሠረት ያለው ቢሆንም፣ ጎኑ የተጣበቀ ጥርስ ጠመንጃው በተፈታና በተገጠመ ቁጥር ሙጫውን እየፋቀ ሲገባ መቀመጫው ቀስ በቀስ ስለሚበላሽ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ከጥርሱ ሥር ክፍተት መተው ግን ለክርክር የሚቀርብ አይደለም፤ ጥርሱ ጉድጓዱን ወለል ከነካ አካሉ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አፈሙዙን በሚመለከት፣ ሬሚንግተን በብዙ የፋብሪካ ሰደፎቹ የፊት ጫፍ ላይ አፈሙዙን ወደ ላይ የሚገፋ ጉብታ ይተዋል። አዲስ መቀመጫ የሚሠራ ሰው ይህን ትቶ ከጥርሱ ፊት አንስቶ አፈሙዙ ምንም ሳይነካ በነጻ እንዲሄድ ቢያደርግ ይሻላል፤ ከጥርሱ ፊት አንድ ኢንች ያህል ኢፖክሲ መደገፍ የሚጠቅመው በጣም ለከበደ አፈሙዝ ነው።

እስካሁን የተባለው ለሬሚንግተን ነው፤ ሌሎች ጠመንጃዎች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። በሳቬጅ 110 የአካሉ የኋላ ጅራት ሰደፉን መንካት ስለሌለበት በዙሪያው ክፍተት ይተዋል። በቲካ ቲ 3 ጥርሱ ከአካሉ ጋር ሳይሆን በሰደፉ ውስጥ የተቀመጠ ለብቻው የሆነ ቁራጭ ነው፤ መጀመሪያ አሉሚኒየም የነበረው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ቲ 3 ኤክስ ብረት ስለሆነ፣ የድሮው ባለቤት ከኢፖክሲ በፊት እርሱን መቀየር ይበጀዋል። ዊንቸስተር 70 ሦስት ብሎኖች ሲኖሩት መካከለኛው በጣት ኃይል ያህል ብቻ ይያዛል፤ ከጠበቀ አካሉን መሐል ላይ ይጎትተዋል። በአገራችን በልጅግ እየተባለ የሚታወቀውን የቤልጅየም ጠመንጃ ጨምሮ የማውዘር 98 ቤተሰብ ጥርሱ ከአካሉ ጋር አንድ ወጥና ሆዱ ጠፍጣፋ ስለሆነ መቀመጫ ለመሥራት ከሬሚንግተኑ የቀለለ ነው፤ ሆኖም በዘመኑ የወታደር እንጨት ላይ ያለ ማውዘር ታሪካዊ ዕቃ በመሆኑ ኢፖክሲ ሊነካው አይገባም፣ ሥራው በተለዋጭ ሰደፍ ላይ ይሁን።

በአሜሪካ የሚኖር ባለቤት የገዛ ጠመንጃውን ሰደፍ መቀየርም ሆነ መቀመጫ መሥራት በአብዛኛው የተፈቀደለት ቢሆንም የክፍለ ግዛቱን ሕግ ማየት አለበት፤ በኢትዮጵያ ግን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ ከማናቸውም ሥራ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ይቀድማል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ጠመንጃው ወደ መተኮሻ ስፍራ ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገሮች በባዶው ይፈተሻሉ። የካዝናው ሳጥን በአካሉና በታችኛው ብረት መካከል ሳይጨመቅ በጣት ሲነካ ጥቂት መወዛወዝ አለበት፤ ከተጨመቀ ብሎኖቹ የሚጠብቁት በመቀመጫው ላይ ሳይሆን በሳጥኑ ላይ ነው፣ የተሠራውም ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አዲሱ ሰደፍ ከድሮው የቀጠነ ከሆነ የፊተኛው ብሎን ርዝመቱ አልፎ የመቀባበያውን ጥርሶች ሊነካ ስለሚችል፣ ብሎኑ በልኩ ጠብቆ እያለ መቀባበያው ያለ ምንም መፋተግ መዘጋቱ ይረጋገጣል፤ ከነካ ብሎኑ በሞረድ ያጥራል። በመጨረሻም ቃታው ተመልሶ ሲገጠም ጎኖቹ ሰደፉንም ሙጫውንም ሳይነኩ፣ መጠበቂያው ሙሉ በሙሉ መሄዱና መመለሱ፣ መቀባበያው በኃይል ሲዘጋም ቃታው በራሱ አለመለቀቁ ተደጋግሞ ይፈተናል፤ በዚህ ላይ ጥርጣሬ ካለ ጠመንጃው ጥይት ሳይገባበት ወደ ባለሙያ ይሂድ።